የቤት ኮምፒውተር ባክአፕ፦ ከመለየት እስከ መመለስ

ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። ሃርድ ዲስኩ ይቃጠላል፣ ላፕቶፑ ይሰረቃል፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ልጅ ሙሉ ፎልደር ይሰርዛል፣ ቫይረስ ይቆልፈዋል። ወይም ባለቤቱ ራሱ ትናንት ያረመውን ጽሑፍ ዛሬ ከፍቶ «ምነው የድሮውን በተውኩት» ይላል። ስለዚህ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ሲታሰብ «የትኛውን ፕሮግራም ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋናውን ያጠፋው ነገር ቅጂውንም አብሮ ሊያጠፋው ይችላል ወይ?» የሚለው ነው።

ከሲ ድራይቭ ወደ ዲ ድራይቭ የተገለበጠ ፎልደር ብዙውን ጊዜ ይህን ፈተና ይወድቃል። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍልፋዮች ስለሆኑ ዲስኩ ሲቃጠል አብረው ይሄዳሉ። ቀንና ሌሊት ተሰክቶ የሚውል ኤክስተርናልም (በኬብል የሚሰካ የውጭ ዲስክ) ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከሌባ፣ ከመብረቅና ከቫይረስ አያድንም።

በሙያው የታወቀው መለኪያ 3-2-1 ይባላል፤ ያስፋፋው ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው። ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሲተረጎም አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው፣ ሌላው ኤክስተርናል ላይ ያለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ) ላይ ወይም ዘመድ ቤት የተቀመጠ ነው። ሦስተኛው ቅንጦት የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ላይ የሆነውን ያስታውስ። የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ።

መጀመሪያ፦ ምን ይቀዳል?

ዊንዶውስም ሆነ ፕሮግራም እንደገና ይጫናል፤ የወረደ ፊልም እንደገና ይወርዳል። የማይተካው እርስዎ የሠሩት ወይም ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ነው፦ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የጻፉት ሰነድ፣ ስካን የተደረገ የምስክር ወረቀት፣ የሒሳብ ሰንጠረዥ። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛው በሲ ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» ከሚለው ፎልደር ሥር፣ በእርስዎ ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ይገኛል፦ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ፣ ዳውንሎድስ። ዳውንሎድስን የቆሻሻ መጣያ ነው ብለው አይዝለሉት። በኮምፒውተር ቴሌግራም የተቀበሏቸው ፋይሎች ቦታቸውን ካልቀየሩ በቀር የሚከማቹት እዚያው ውስጥ ነው።

የሚረሱት ግን ሌሎች ናቸው። የብራውዘር ቡክማርክ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ አይታይም፤ ከብራውዘሩ ሜኑ ገብተው «ኤክስፖርት» ማድረግ ያስፈልጋል። አውትሉክን የሚጠቀም ሰው ኢሜይሉ በአንድ ትልቅ የፒኤስቲ ፋይል ውስጥ ሊሆን ስለሚችል እሱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሥራዎን የሚያስቀምጡት «አፕዳታ» በተባለ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። ይህ ፎልደር የሚታየው ከፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ሜኑ ላይ «ሂድን አይተምስ» ሲበራ ብቻ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ የሆነው የኮምፒውተር ኮድ) ሳይስፋፋ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ይሆናሉ። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የጠፋው። እንዲህ ያለ ሰነድ ካለዎት የፎንቱን ፋይልም አብረው ይቅዱ። ለማንኛውም በፒዲኤፍ አንድ ቅጂ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል።

ስልክ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ ኮምፒውተሩን ባክአፕ በማድረግ አይድንም፤ አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልበጥ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። የማይክሮሶፍት ክላውድ የሆነው ዋንድራይቭ በርቶ ከሆነ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ከነበሩበት ተነሥተው «ዋንድራይቭ» ወደሚለው ፎልደር ገብተው ሊሆን ይችላል። የድሮውን የዶክመንትስ ፎልደር ቢገለብጡ ባዶ ወይም ግማሹን ብቻ ይወስዳሉ። ሌላው ደግሞ ከፋይሉ ስም አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት ናት። ሰማያዊ የደመና ምልክት ካለ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የሚታየው። አረንጓዴ የ«ራይት» ምልክት ካለ ፋይሉ ዲስኩ ላይ አለ። ደመናዎቹን ወደ ኤክስተርናል ለመገልበጥ ከመሞከር በፊት ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገው «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡና አውርዶ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ያለዚያ ኢንተርኔት መሀል ላይ ሲቋረጥ ቅጂው ይቆራረጣል።

የፎልደሮቹን ዝርዝር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ሁሉንም መርጠው ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ» ይበሉና ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጣዩ ውሳኔ በዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው።

ዲስኩን መምረጥና ማዘጋጀት

ዲስኩ ከሚቀዳው መጠን ቢያንስ በእጥፍ ይብለጥ። የድሮ ቅጂዎች አብረው ስለሚቀመጡ ባክአፕ ሁልጊዜ ያድጋል። 1 ቴራባይት ብለው የገዙት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ተሰረቅሁ አይበሉ፤ አምራቹ በሺህ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

ፍላሽ ፋይል ለማድረስ እንጂ ለማኖር አይሆንም። ውስጡ ያለው የማስታወሻ ቺፕ ብዙ ጊዜ ርካሹ ዓይነት ነው፤ ሳይሰካ ለዓመታት ከተቀመጠ የያዘውን ቻርጅ ቀስ በቀስ ሊያጣ ይችላል። ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ነው። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ብሎ አንብቦት፣ እውነተኛ ይዘቱ ግን የዚያ ቁራጭ የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ሲገለብጡበት ምንም ስህተት አያሳይም። የፋይሎቹ ስምና መጠን ሁሉ ይታያል፤ ችግሩ የሚገለጠው ሲከፈቱ ነው። አዲስ ማስቀመጫ ሲገዙ ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት። ፕሮግራሙ ዲስኩን እስከ አፉ ይሞላውና የጻፈውን መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለተራ ቤት ተሽከርካሪ (ውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው) ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ፈጣንና መውደቅን የሚችል ስለሆነ ለሚጓዝ ሰው ይመቻል፤ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ ለሚኖር ቅጂ ግን ተሽከርካሪው ይመረጣል። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ለዛሬ ፎቶና ቪዲዮ አይበቃም።

ፎርማቱን ይፈትሹ፦ ዲስኩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ፋይል ሲስተም» የሚለው መስመር። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዲስኩ ላይ 500 ጊጋባይት ክፍት ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት የሚመጣው በዚህ ነው። ለዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ፣ ለዊንዶውስና ለማክ በጋራ ከሆነ ኤክስፋት ያድርጉት። ፎርማት ማድረግ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ የሚመርጡትን ዲስክ ስም ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

የሚሰኩበት ቀዳዳም ለውጥ አለው። በዩኤስቢ 3 አንድ ተሽከርካሪ ኤክስተርናል በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ይጽፋል፤ በዚህ ፍጥነት 500 ጊጋባይት በ1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ግን በሰከንድ 35 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ 4 ሰዓት ይፈጃል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ደቃቅ ፋይሎች ሲበዙ ደግሞ ሁለቱም ይዘገያሉ። 20,000 ትንንሽ ፋይሎች ተመሳሳይ ክብደት ካለው አንድ ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ጊዜ ቢወስዱ ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ

1. ክፍት ፕሮግራሞችን ሁሉ ይዝጉ። አውትሉክ ክፍት ከሆነ የኢሜይሉ ፋይል ተይዟል ተብሎ አይቀዳም።

2. ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ያድርጉትና ከ«ፓወር» ሴቲንግ ገብተው እንቅልፍ እንዳይወስደው ያድርጉ። መሀል ላይ የተኛ ኮምፒውተር ቅጂውን ያቋርጣል።

3. ኤክስተርናሉ ላይ የኮምፒውተሩን ስምና ቀኑን የያዘ ፎልደር ይክፈቱ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ቢጽፉት ፎልደሮቹ በራሳቸው ይሰለፋሉ።

4. ፎልደሮቹን «ኮፒ» አድርገው «ፔስት» ያድርጉ። «ከት» በጭራሽ አይጠቀሙ። ከት ዋናውን እያነሣ የሚሄድ ስለሆነ ኬብሉ ቢላቀቅ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል፤ ቢሳካም እንኳ በእጅዎ የሚቀረው ያው አንድ ቅጂ ነው።

5. የስህተት መልእክት ሲመጣ አንብበው ይለፉ። መንገዱ ረዘመ የሚለው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ተደራርቦ የስሙ ጠቅላላ ርዝመት ዊንዶውስ ከለመደው የ260 ፊደል ገደብ ሲያልፍ የሚመጣ ነው፤ የላይኛውን ፎልደር ስም ማሳጠር ይፈታዋል። «ሳይክሊክ ሪደንደንሲ ቼክ» የሚል ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ ከዲስኩ ያነበበው መረጃ አልተስተካከለለትም። ብዙ ጊዜ መነሻው የሚቀዱበት ዲስክ መታመም መጀመሩ ነው። ያንን ፋይል «ስኪፕ» ብለው ስሙን ይጻፉና ሌላውን ቶሎ ይጨርሱ፤ ከዚያ ከታች ስለ ታመመ ዲስክ የተጻፈውን ይመልከቱ።

6. ሲያልቅ በሁለቱም ወገን ፕሮፐርቲስ ከፍተው የፋይሉን ብዛትና «ሳይዝ» የሚለውን ያመሳክሩ። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን ይተዉት፤ እሱ እንደ ዲስኩ አከፋፈል ስለሚለያይ ያለ ምክንያት ያስጨንቃል።

7. «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉ። መስኮቱ መቶ በመቶ ካለ በኋላም የመጨረሻው ጽሑፍ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ

በእጅ የሚደረግ ባክአፕ ለአንድ ወር ይዘልቃል፤ ከዚያ ይረሳል። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ላይ «ፋይል ሂስትሪ» የሚባል መሣሪያ አብሮ አለ። ዲስኩን ይሰኩ፣ «ኮንትሮል ፓነል» ይክፈቱ፣ «ሲስተም ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ» ይግቡና «ተርን ኦን» ይበሉ። ካልተነካ በየሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ይቀዳል፤ የድሮውንም አይደመስስም። ባለፈው ማክሰኞ የነበረውን የጽሑፍዎን መልክ መልሶ የሚሰጥዎ ይህ ነው፣ ተራ ኮፒ አያደርገውም። «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ ድሮዎቹ ለዘላለም ይቀመጡ የሚለው አስቀድሞ ተመርጦ ስለሚገኝ፣ ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ቦታ እስኪያስፈልግ ድረስ ወደሚለው ይለውጡት።

ሁለት ነገር ይወቁ። ፋይል ሂስትሪ የሚያየው ዴስክቶፕንና ላይብረሪ (ዊንዶውስ ፎልደሮችን የሚያሰባስብበት ዝርዝር) ውስጥ ያሉትን እንደ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ያሉትን ብቻ ነው፤ ዲ ድራይቭ ላይ የከፈቱትን ፎልደር አያውቀውም። ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገው «ኢንክሉድ ኢን ላይብረሪ» ካላሉት ለዓመት ሳይቀዳ ይከርማል፣ ማንም አይነግርዎትም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ውስጥ «ዊንዶውስ ባክአፕ» በሚል ስም የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ የሚልከው ወደ ዋንድራይቭ እንጂ ወደ ኤክስተርናል አይደለም።

የማክ ተጠቃሚ ሥራው ይቀልለታል። ዲስክ ሰክቶ «ታይም ማሺን»ን ማብራት ብቻ ነው። ላለፉት 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ላለፈው ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ላለው በየሳምንቱ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከሁሉ የቆየውን ይጥላል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ «ዴጃ ዱፕ» ተመሳሳዩን ይሠራል።

የራሳቸውን ፎልደር አደራደር መጠበቅ የሚፈልጉ ሰዎች ፍሪፋይልሲንክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይወዱታል። በግራ ዋናውን፣ በቀኝ ኤክስተርናሉን ያስገባሉ፤ «ኮምፔር» ሲሉ ልዩነቱን ይዘረዝራል፤ «ሲንክሮናይዝ» ሲሉ ይፈጽማል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዘዴውን ሲመርጡ ነው። «ሚረር» ቀኙን ልክ እንደ ግራው ያደርገዋል፦ ከግራ የጠፋውን ከቀኝም ይሰርዛል። ፎቶዎቹ በስህተት ከዋናው ተሰርዘው ሳያውቁ ሚረር ቢያስኬዱ ባክአፕዎን በገዛ እጅዎ ያጸዳሉ። «አፕዴት» ግን አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ይቀዳል፤ አይሰርዝም። ሚረርን የግድ ከፈለጉ የተሰረዘው ወዴት ይሂድ በሚለው ሥር «ቨርዥኒንግ» ይምረጡና ለድሮዎቹ የተለየ ፎልደር ይስጡ። ሁልጊዜም ሲንክሮናይዝ ከማለትዎ በፊት ከታች የሚታየውን የሚሰረዙ ፋይሎች ቁጥር ይዩ። 3 ወይም 10 ከሆነ ደህና፤ 8,000 ካለ እጅዎን ያንሱ።

ሙሉ የሲስተም ቅጂ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከነፕሮግራሙ መያዝ፣ ጊዜ ይቆጥባል እንጂ ለቤት የግድ አይደለም። የፕሮግራሞቹን የፈቃድ ቁልፍ ወረቀት ላይ መያዝ ይበቃል።

ክላውድ፦ ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም

ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭና አይክላውድ በመሠረቱ የማመሳሰያ አገልግሎቶች ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የሰረዙትን ከክላውዱም ይሰርዛሉ፤ ያበላሹትን ፋይል እንደተበላሸ ወደ ላይ ይወስዱታል። መዳኛዎ የተሰረዘ ፋይል የሚቆይበት ቅርጫት ነው፤ እሱም ጊዜ አለው። ጉግል ድራይቭም ሆነ የግል ዋንድራይቭ የተሰረዘን ፋይል የሚያቆዩት 30 ቀን ነው። በ31ኛው ቀን ያስታወሰ ሰው ዘግይቷል። ያም ሆኖ ክላውድ ሌባና እሳት የማይደርሱበት ቅጂ ስለሆነ ለሦስተኛው ቦታ ይመጥናል፣ ለብቸኛው ግን አይሆንም።

በነፃ የሚሰጠው ቦታ ለጉግል 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይልና ጉግል ፎቶስ ይጋሩታል። ዋንድራይቭና አይክላውድ 5 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ለቪዲዮ አይበቃም፤ ለሰነድ ግን ሰፊ ነው። የኢንተርኔትዎን የመላኪያ ፍጥነት አስቀድመው ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከማውረጃው በጣም ያነሰ ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 100 ጊጋባይት ለመጫን 44 ሰዓት ያህል ያለ ማቋረጥ ይፈጃል። ስለዚህ ሰነዶቹን አስቀድመው ይላኩ፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹን፣ ቪዲዮውን ከነአካቴው ለኤክስተርናል ይተዉት።

አካውንቱን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቅ) ያድርጉለትና የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ያትሙ። ኮዶቹን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው፤ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቀን ክላውዱም አይከፈትም።

ሁለተኛው ዲስክና ቫይረሱ

እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 አገሮች ሲዳረስ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለው ቫይረስ ሲ ድራይቭ ላይ አይቆምም፤ መጻፍ የሚችልበትን ዲስክ ሁሉ፣ የተሰካውን ኤክስተርናልና የሚመሳሰለውን የክላውድ ፎልደር ጨምሮ፣ ይዞ ይሄዳል። መድኃኒቱ የተነቀለ ኬብል ነው።

የሚሠራው አደራረግ ይህ ነው። ሁለት ኤክስተርናል ይያዙና «ሀ» እና «ለ» ብለው በፕላስተር ይጻፉባቸው። «ሀ» ቤት ይሁን፤ በሳምንት አንድ ቀን ይሰኩት፣ ቀድቶ ሲጨርስ ይንቀሉት። «ለ» ሌላ ቤት ይቀመጥ። በወር አንዴ «ሀ»ን ወስደው «ለ»ን ያምጡ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ መሰካት የለባቸውም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። በፕላስተሩ ላይ የመጨረሻውን ቀን ይጻፉበት፤ ዲስኩን ሳይሰኩ የትኛው እንደሚቀድም ያውቃሉ።

ከቤት የሚወጣ ዲስክ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር የተባለ መቆለፊያ አለ፤ ሆም እትም ላይ ቢትሎከር ኤክስተርናል ስለማይቆልፍ ቬራክሪፕት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል፤ ታይም ማሺን ደግሞ ዲስኩ ሲመረጥ ራሱ ይጠይቃል። ቢትሎከር የሚሰጠው የመክፈቻ ቁልፍ 48 አሃዝ ነው፤ ወረቀት ላይ ይቅዱትና ከዲስኩ ተለይቶ ይቀመጥ። የይለፍ ቃሉም ቁልፉም ከጠፉ የሚከፍትልዎ ባለሙያ የለም።

ፋይሎችዎ ስማቸው ተለውጦ፣ የገንዘብ ጥያቄ ተጽፎ ካገኙ የመጀመሪያው ስሜት ባክአፑን ሮጦ ማምጣት ነው። እንዳያደርጉት። ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ዊንዶውስን ከንጹሕ ምንጭ እንደገና ይጫኑ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዲስኩን ይሰኩ።

መመለሱን መሞከር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት ውስጥ አንድ ባለሙያ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘ። ተመክቶባቸው ከነበሩት አምስት የቅጂ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው ሆኖ አልተገኘም። መደበኛው ባክአፕ በቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባይነት አጥቶ ሲመለስ ኖሯል። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው። እነሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለው ፋይል ሂስትሪም እንዲሁ ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል።

በየሦስት ወሩ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ከባክአፑ አንድ የቆየ ሰነድ፣ አንድ ፎቶና አንድ ረጅም ቪዲዮ ይምረጡ። ፋይል ሂስትሪ ከሆነ «ሪስቶር ፐርሰናል ፋይልስ» ብለው ይግቡ፤ አረንጓዴውን ቁልፍ በቀጥታ አይጫኑት፣ ወደ ነበረበት ቦታ መልሶ ዋናውን ሊተካው ይችላልና። ከጎኑ ባለው የጥርሳማ ጎማ ምልክት «ሪስቶር ቱ» ብለው ወደ ባዶ ፎልደር ያውጡት። ሰነዱን ይክፈቱ፣ ፎቶውን አጉልተው ይዩ፣ ቪዲዮውን መጨረሻው ላይ ያጫውቱ፤ ተቆርጦ የተቀዳ ቪዲዮ መጀመሪያው ምንም አይለውም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ይሞክሩ። የቆለፉት ዲስክ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ማስታወስዎም አብሮ ይፈተናል። የዛሬ ሳምንት የፈጠሩት ፋይል መኖሩን ማየትም አይርሱ፤ ባክአፑ መቼ እንደቆመ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ዲስክ ሲታመም

ተሽከርካሪ ዲስክ «ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ከጀመረ ወይም አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ከወሰደበት የቀረው ጊዜ አይታወቅም። ስካን ወይም ጥገና የሚያደርግ ፕሮግራም አያስኪዱበት፤ ጥገናው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስነብበው የቀረውን አቅም ይጨርሰዋል። ከሁሉ የበለጠውን ፎልደር መጀመሪያ ይቅዱ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ጭራሽ የማይነበብ ከሆነና ውስጡ ያለው የማይተካ ከሆነ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ለመረጃ መላሽ ባለሙያ ይስጡት፤ መክፈት፣ ማንኳኳትና ፍሪጅ ውስጥ መክተት ይቅር።

በስህተት ለተሰረዘ ፋይል መጀመሪያ ቅርጫቱን፣ ቀጥሎ ባክአፑን ይመልከቱ። ሁለቱም ከሌሉ ኮምፒውተሩን መጠቀም ያቁሙ፤ እያንዳንዱ አዲስ ፋይል በተሰረዘው ላይ ሊጻፍ ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ተስፋው የመነመነ ነው፤ ዊንዶውስ «ትሪም» በተባለው ትእዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ባዶ ያስደርገዋል።

ዕድሜው የገፋ የባክአፕ ዲስክ እስኪሞት አይጠበቅም። 5 ዓመት ከሠራ አዲሱን ገዝተው ሙሉ ቅጂ ያድርጉበት፤ የድሮውን ግን ከአዲሱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ፋይል መልሰው እስኪያዩ ያቆዩት። ለሌላ ሰው ሲሰጡት «ክዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሥተው ፎርማት ያድርጉት። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ዝርዝር እንጂ ፋይሎቹን አይነካም፤ ሙሉው ግን ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል። ለ1 ቴራባይት ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ ያስጀምሩት።